በድንበር ሽቦ ሥር የቀረበ ማዕድ

የወጣት ኅብረታችሁ ሽርሽር ሲያዘጋጅ ወዴት ይወጣል? አዲስ አበባ ከሆናችሁ እንጦጦ ወይም ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳ ከሆናችሁ ሐይቁ ዳር፣ ሌላም ቦታ ከሆናችሁ ዛፍና ውኃ ያለበት አንድ መስክ አይጠፋም። ኮሚቴው መዋጮ ይሰበስባል፣ ማን እንጀራ ማን ወጥ እንደሚያመጣ ይከፋፈላል፣ አንዱ ጊታሩን ይይዛል። አንድ የኮሚቴ አባል ተነሥቶ፣ «ዘንድሮ ምሳችንን የምንበላው የታጠቁ ወታደሮች በሚጠብቁት የድንበር አጥር ሥር ነው» ቢል መጀመሪያ ይሳቅበታል፤ ከሣቁ በኋላ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ለብቻው ያነጋግሩታል።

እ.ኤ.አ. በ1989 በሃንጋሪ አንድ ሰው ይህንኑ ሐሳብ አቀረበ። ሰሚዎቹ እንደ ቀልድ ቆጠሩት። ከሁለት ወር በኋላ ግን ምሳው ቀረበ፤ ቀኑም ቅዳሜ ኦገስት 19 ነበር። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 13 ቀን 1981 ዓ.ም. ይሆናል። አዎ፣ የቡሄ ዕለት ነው። የእኛ ልጆች ዱላቸውን መሬት እየደበደቡ በየደጁ ሙልሙል በሚጠይቁበት ቀን፣ በዚያ አገር ደግሞ ሌሎች ሰዎች አርባ ዓመት የተዘጋ በር ፊት ቆመው ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ አጥሩ ማወቅ አለባችሁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውሮፓ ለሁለት ተከፈለች። ምሥራቁ በሶቪየት ኅብረት ሥር ኮሚኒስት ሆነ፣ ምዕራቡ በሌላ ወገን ቀረ፤ በመካከላቸው የተዘረጋውን ድንበር ሰዎች «የብረት መጋረጃ» አሉት። እናንተ ምናልባት የምታውቁት እ.ኤ.አ. በ1961 የተሠራውን የበርሊን ግንብ ብቻ ይሆናል። ግንቡ ግን የዚህ ረጅም መጋረጃ አንድ ክፍል ነበር። ሃንጋሪንና ኦስትሪያን የሚለየው ድንበር ብቻውን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። በዚያ ላይ እሾሃማ ሽቦ፣ የመጠበቂያ ማማ፣ ለብዙ ዓመታትም ፈንጂ ነበር። በኋላ ፈንጂው ተነቅሎ በምትኩ ሲነካ ለጠባቂዎቹ ምልክት የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተተከለ።

የዚህ አጥር መጨረሻ የጀመረው በጀግና ንግግር አለመሆኑን ሳነብ ፈገግ ብያለሁ። የጀመረው በበጀት ነው። ሽቦው አርጅቶ ነበር። ወፍና ጥንቸል፣ ሚዳቋም ሲነካው ይጮኻል፤ ወታደሮቹ ሌሊቱን ሙሉ የሚሯሯጡት ለአውሬ ነበር። እንዳይታደስ ደግሞ የማይዝገው ሽቦ የሚገዛው ከምዕራብ አገር በውጭ ምንዛሪ ነው። ከዚህም ሌላ ከ1988 መጀመሪያ አንሥቶ ሃንጋሪያውያን ፓስፖርት ይዘው ወደ ምዕራብ መጓዝ ተፈቅዶላቸዋል። እንግዲህ አጥሩ ማንን ነበር የሚያግደው? የሌላውን አገር ሰው፣ በተለይም ምሥራቅ ጀርመናውያንን። ወጣቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሚክሎሽ ኔሜት ለዚህ ገንዘብ አላወጣም አለ። በሜይ 2 ቀን 1989 ሽቦው መነቀል ጀመረ። ጁን 27 ደግሞ የሃንጋሪው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዲዩላ ሆርንና የኦስትሪያው አቻቸው አሎይስ ሞክ መቀስ ይዘው በጋዜጠኞች ፊት ሽቦ ሲቆርጡ ፎቶ ተነሡ። ፎቶው ዓለምን ዞረ።

ሽቦው ተነቀለ ማለት ግን ድንበሩ ተከፈተ ማለት አልነበረም። ጠባቂዎቹ አሁንም አሉ። ሃንጋሪ ከምሥራቅ ጀርመን ጋር በገባችው ስምምነት መሠረት የምሥራቅ ጀርመን ዜጋ ወደ ምዕራብ እንዳያልፍ የማድረግ ግዴታ ነበረባት። የሶቪየት ጦርም ከሃንጋሪ ምድር አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1956 ሃንጋሪያውያን ሲያምፁ የሶቪየት ታንኮች ቡዳፔስት ገብተው አመፁን በደም እንዳጠፉት፣ ወደ 200,000 የሚጠጋ ሕዝብም እንደተሰደደ የሚያስታውሱ ሰዎች ገና በሕይወት ነበሩ። ስለዚህ በዚያ በጋ ማንም ሰው ነገ ምን እንደሚሆን በልበ ሙሉነት መናገር አይችልም ነበር።

በዚህ መካከል ነው ወደ ቀልዱ የምንመጣው። ጁን 20 ቀን ኦቶ ፎን ሃብስቡርግ በምሥራቅ ሃንጋሪ በምትገኘው በደብረጸን ከተማ ንግግር አደረጉ። (የከተማዪቱ ስም ሲጠራ የእኛን አገር ደብር መምሰሉ ደስ ይለኛል።) ሰውዬው የመጨረሻው የኦስትሪያና የሃንጋሪ ንጉሠ ነገሥት ልጅ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ግን ዙፋን የላቸውም፤ የአውሮፓ ፓርላማ አባል ነበሩ። ንግግራቸው ድንበር ስለሌላት አውሮፓ ነበር። ከንግግሩ በኋላ በተደረገው እራት ላይ ፌረንትስ ሜሳሮሽ የተባለ የአዲሱ ተቃዋሚ ድርጅት አባል እንዲህ ያለ ሐሳብ አመጣ፦ ይህን ጨዋታ ለምን ድንበሩ ላይ አንቀጥለውም? እሳት እናንድድ፣ ግማሾቻችን በኦስትሪያ በኩል፣ ግማሾቻችን በሃንጋሪ በኩል እንቀመጥ፣ በአጥሩ ላይ እየተቀባበልን አብረን እንብላ።

ብዙዎቹ ሣቁ። ማሪያ ፊሌፕ የምትባል ሴት ግን ሐሳቡን አነሣችው። ደጋግሜ የማስበው ስለ እርስዋ ነው። ሐሳብ ያፈለቀ ሰው በታሪክ ውስጥ ስሙ ይነሣል፤ ስልክ የደወለ፣ ፈቃድ የጠየቀ፣ ድስት የፈለገ ሰው ግን ይረሳል። በየኅብረታችሁ እንዲህ ያለች አንዲት እህት እንዳለች እርግጠኛ ነኝ። ፊሌፕ ከደብረጸን ሆና በአገሪቱ ሌላኛው ጫፍ፣ በኦስትሪያ ድንበር ላይ ያሉትን የሾፕሮን ከተማ ሰዎች ፈልጋ አገኘች። ሾፕሮን በሦስት በኩል በኦስትሪያ የተከበበች ከተማ ናት። እዚያ ያሉት የተቃዋሚ ድርጅቶች፣ በሌላ ጉዳይ የማይስማሙት ሳይቀሩ፣ ለዚህ ምሳ ተስማሙ። የበላይ ጠባቂ እንዲሆኑ ኦቶ ፎን ሃብስቡርግ ተጠየቁ፤ ከመንግሥት በኩል ደግሞ ለውጥ ፈላጊው ሚኒስትር ኢምሬ ፖዥጋይ። የንጉሠ ነገሥት ልጅና የኮሚኒስት ሚኒስትር ለአንድ ድስት ወጥ አብረው ስማቸውን ሰጡ። የዝግጅቱ ስም «የመላው አውሮፓ ሽርሽር» ተባለ።

ቦታው ሾፕሮንፑስታ የሚባል ገላጣ መስክ ነው። በመስኩ አጠገብ ከሾፕሮን ተነሥቶ በኦስትሪያዋ ሳንክት ማርጋሬተን መንደር በኩል ወደ ብራቲስላቫ የሚወስድ አሮጌ መንገድ ነበር። መንገዱን አንድ የእንጨት በር ዘግቶታል። አዘጋጆቹ ከሁለቱ መንግሥታት ያገኙት ፈቃድ ይህ በር ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት፣ ለሦስት ሰዓት ብቻ፣ እንዲከፈት ነበር፤ የሁለቱ አገር ሰዎች ፓስፖርታቸውን እያሳዩ እንዲያልፉ፣ እንዲጎበኛኙ፣ ከዚያም በሩ ተመልሶ እንዲዘጋ።

አሁን እስቲ አስቡት። ሰላማዊ ሰልፍ ቢጠይቁ ይፈቀድላቸው ነበር? ይህን ያህል በቀላሉ የሚፈቀድ አይመስለኝም። የተጠየቀው ግን ምሳ ነው። ጉላሽ ማለት እኮ ከብት ጠባቂዎች ሜዳ ላይ እሳት አንድደው፣ ሥጋና ሽንኩርት ፓፕሪካ ከሚሉት በርበሬ ጋር በብረት ድስት የሚያበስሉት ወጥ ነው፤ ስሙም የመጣው ከጠባቂዎቹ ነው። ከእኛ ቀይ ወጥ ጋር ባይወለድም ይተዋወቃል። እንዲህ ያለ ወጥ ለመብላት የተሰበሰበን ሕዝብ ጠላት ብሎ መጥራት ለመንግሥት ያስቸግራል።

ማዕድ ተራ ነገር አለመሆኑን እናንተ ከመጽሐፍ ቅዱሳችሁ ታውቃላችሁ። በጌታ ላይ ከተነሡት ክሶች አንዱ ከማን ጋር እንደሚበላ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ የሚያነሣውን የአንጾኪያውን ነገር አስታውሱ፦ ጴጥሮስ ከአሕዛብ ወንድሞች ጋር ይበላ ነበር፣ ሰዎች ከኢየሩሳሌም ሲመጡ ግን ፈርቶ ከገበታው ተነሣ። ጳውሎስ ይህን እንደ ሥነ ሥርዓት ጉድለት አላየውም፤ በሁሉ ፊት ተቃወመው፤ የወንጌል ጉዳይ ነው አለ። አጥር ሁልጊዜ ከሽቦ አይሠራም። በራሳችን የፍቅር ማዕድ ላይ እንኳ ዙሪያችሁን ብትቃኙ፣ የአንድ ሰፈር ልጆች በአንድ በኩል፣ የአንድ ቋንቋ ልጆች በሌላ በኩል፣ አዲስ የመጣው ደግሞ ሳህኑን ይዞ ብቻውን ግድግዳ ተደግፎ ታገኙታላችሁ።

ወደ 1989 በጋ እንመለስ። ምሥራቅ ጀርመናውያን በየዓመቱ ለዕረፍት ወደ ሃንጋሪ፣ በተለይም ወደ ባላቶን ሐይቅ ይሄዱ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ብዙዎቹ የሄዱት ለመዋኘት አልነበረም። ሽቦ ሲቆረጥ የሚያሳየውን ፎቶ አይተዋል። በቡዳፔስት የነበረው የምዕራብ ጀርመን ኤምባሲ በስደተኞች ተጨናንቆ በኦገስት 13 ተዘጋ። በማግሥቱ በቡዳፔስት የዙግሊገት ሰበካ ካህን የነበሩት ኢምሬ ኮዝማ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ከፈቱላቸው። ድንኳን ተተከለ፣ ምግብ ቀረበ፤ በሚቀጥሉት ወራት በዚያና በመሰል ካምፖች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለፉ። የካቶሊክ ካህን ናቸው ብላችሁ ታሪኩን እንዳታልፉት። የአንድ ኮሚኒስት አገር ካህን የሌላ ኮሚኒስት አገር ሸሽቶችን በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲቀበል ምን ሊደርስበት እንደሚችል ያውቃል።

እነዚህ ሰዎች የሸሹት መንግሥት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ምሥራቅ ጀርመን የደርግ የቅርብ ወዳጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1977 አገሪቱ ቡና ሲያጥራት ከኢትዮጵያ ጋር ተዋውላ ለቡናችን የጦር መሣሪያ ሰጥታለች። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ የምታዩት የካርል ማርክስ ሐውልትም የእርስዋ ስጦታ ነው። በግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የተጓዙት ወደዚያችው አገር ነበር፤ ይህም ከሽርሽሩ በፊት ሦስት ወር ያህል ነው። በዚያ ዘመን በርካታ የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን በየቤቱ መስኮት ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልዩ ነበር። ቡና ተፈልቶ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ለጎረቤት «እንግዶች መጥተውብን ነው» እየተባለ የተደረገውን ኅብረት ከእነርሱ አፍ ሰምታችሁ ካልሆነ፣ ሳይረፍድ ጠይቋቸው።

ወደ ሽርሽሩ የሚጠሩ ወረቀቶች በሃንጋሪኛና በጀርመንኛ ታትመው ተበተኑ። እሾሃማ ሽቦ ሰብራ የምትወጣ ርግብ ተሥላባቸዋለች። ወደ ቦታው የሚያደርሰውን መንገድ የሚያሳይ ካርታም ነበር። በካምፖቹ ውስጥ ወረቀቱን ያገኙ ምሥራቅ ጀርመናውያን ካርታውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ልብ በሉ፣ ይህ ውሳኔ ቀላል አልነበረም። የምሥራቅ ጀርመን የስለላ ድርጅት ስታዚ በመካከላቸው እንዳለ ያውቃሉ። ግብዣው ወጥመድ ቢሆንስ? ተይዞ የተመለሰ ሰው ሥራውን፣ ምናልባትም ነፃነቱን ያጣል፤ ዘመዶቹም ይጉላላሉ። ሌሊቱን ባልና ሚስት ልጆቻቸውን አስተኝተው በሹክሹክታ ምን እንደተባባሉ መገመት አያዳግትም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መስኩ ሞላ። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ መጣ። ሙዚቀኞች ይነፋሉ፣ ድስቱ ይፈላል፣ ሰዎች መጋረጃ የነበረውን ሽቦ እየቆረጡ ለማስታወሻ ይወስዳሉ፤ አዘጋጆቹም «አፍርሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ» ብለው ጋብዘዋቸው ነበር። የኦቶ ፎን ሃብስቡርግ ልጅ ዋልቡርጋ አባቷን ወክላ መጥታለች። በመንገዱ ዳርና በበቆሎው እርሻ አጠገብ ደግሞ ትራባንት የሚባሉት ትንንሽ የምሥራቅ ጀርመን መኪኖች ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ ቁልፋቸው ሳይነቀል።

በበሩ ላይ የነበሩት ድንበር ጠባቂዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አዛዣቸው ሌተና ኮሎኔል አርፓድ ቤላ ይባላል። ዕለቱ የጋብቻው መታሰቢያ ቀን ነበር። የተነገረው አንድ የልዑካን ቡድን እንደሚመጣ፣ ፓስፖርት አይቶ እንዲያሳልፍ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ከመንገዱ መታጠፊያ ሰዎች ብቅ አሉ። ቤላ መጀመሪያ ልዑካኑ መሰሉት። ሲቀርቡ ግን ልዑካን አይመስሉም፤ በመቶ የሚጠጉ ወይም የሚበልጡ ናቸው፣ ልጅ ያዘሉ አሉ፣ ቦርሳ የያዙ አሉ፣ ፈጥነው ይራመዳሉ፣ አይናገሩም። ምሥራቅ ጀርመናውያን መሆናቸውን ዐወቀ።

ያኔ ለማሰብ የነበረው ጊዜ በሰኮንድ የሚቆጠር ነበር። በወገቡ ሽጉጥ አለ። ደንቡ መሣሪያ እስከ መጠቀም ድረስ ይሄዳል። ደውሎ የሚጠይቀው አለቃ አጠገቡ የለም። ከላይ ያሉት ባለ ሥልጣናት በልባቸው የሚያስቡትን ለእርሱ በግልጽ ያስታወቀው ሰው አልነበረም። ካገደ ደም ሊፈስ ነው፤ ካላገደ ሊከሰስ ነው።

ያደረገው ይህ ነው፦ ወታደሮቹን ይዞ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጠ። ከኦስትሪያ በኩል የሚመጡትን እንግዶች ፓስፖርት በጥንቃቄ፣ በጣም በጥንቃቄ፣ መመርመር ጀመሩ። ከኋላቸው ሰዎቹ በሩን ገፍተው ሮጡ።

ብዙ ጊዜ ስለ ጀግንነት ስናስተምር አንድ ሰው የሠራውን እንናገራለን። የዚህ ሰው ሥራ አለመሥራቱ ነው። አልተኮሰም፣ አልጮኸም፣ አላየም። በደንብ መጽሐፉ ከተመዘነ ግዴታውን አልተወጣም። እናንተስ ብትሆኑ? በወጣት ኅብረታችሁ ውይይት ላይ ሮሜ 13ን ስታጠኑ ይህን ሰው ከዕብራውያኑ አዋላጆች፣ ከሲፓራና ከፎሐ ጋር አስቀምጡትና ተከራከሩበት። እኔ ወደ አዋላጆቹ አደላለሁ፤ እነርሱም የንጉሥን ትእዛዝ የሻሩት በጩኸት አልነበረም።

በሦስቱ ሰዓታት ውስጥ ከ600 የሚበልጡ ሰዎች በተለያየ ቡድን አለፉ። አንዳንዶቹ ኦስትሪያ መግባታቸውን ስላላመኑ በሩን ካለፉም በኋላ መሮጣቸውን አላቆሙም። አንዳንዶቹ ተቃቅፈው አለቀሱ። የሳንክት ማርጋሬተን ሰዎች ተቀበሏቸው፤ በአውቶቡስ ወደ ቪየና፣ ከዚያም በባቡር ወደ ምዕራብ ጀርመን ተወሰዱ። ከበርሊን ግንብ መሠራት ወዲህ እንዲህ ያለ ብዛት ያለው ሕዝብ በአንድ ጊዜ ሲያመልጥ የመጀመሪያው ነበር። ድስቱ ዘንድ የቀሩት ሃንጋሪያውያንና ኦስትሪያውያን ምሳቸውን ቀጠሉ። ብዙዎቹ በበሩ ላይ የሆነውን የሰሙት ዘግይተው ነው።

የምሥራቅ ጀርመኑ መሪ ኤሪክ ሆኔከር ተቆጡ። ለአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ሲናገሩ ሰዎቹ በምግብ፣ በስጦታና በምዕራብ ጀርመን ገንዘብ ተደልለው ነው የሄዱት አሉ። አንድ ሕዝብ አገሩን፣ መኪናውንና ቤቱን ለአንድ ሳህን ወጥ ጥሎ ይሄዳል ብሎ የሚያምን መሪ፣ ሕዝቡ ምን እንደራበው ጨርሶ አላወቀም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ አንዳንድ ጊዜ በስብከት የሚነገረው የዚህ ታሪክ አቀራረብ ከእውነቱ ይልቅ ቀላል ስለሚሆን። ሽርሽሩ የተራ ሰዎች የዋህ ምሳ ብቻ አልነበረም። ጠቅላይ ሚኒስትር ኔሜትና ፖዥጋይ ሞስኮ ምን እንደምታደርግ ለመፈተን እንደተጠቀሙበት በኋላ ተናግረዋል። ሶቪየቶች ዝም አሉ፤ ፈተናው ታለፈ። ፖለቲከኞች ያቀዱትና ማሪያ ፊሌፕ ያቀደችው አንድ ላይሆን ይችላል። ይህ ግን የምሳውን ነገር አያሳንሰውም። ዮሴፍን የሸጡት ወንድሞቹና እግዚአብሔር በአንድ ድርጊት ያሰቡት የተለያየ ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱንም አይደብቅም።

ደግሞም ሁሉም አልተሻገረም። ከሽርሽሩ ሁለት ቀን በኋላ፣ ኦገስት 21 ሌሊት፣ አንድ ምሥራቅ ጀርመናዊ አባት ከቤተሰቡ ጋር በዚያው ድንበር በሌላ ቦታ ሊያልፍ ሲሞክር ከአንድ ወጣት ጠባቂ ጋር ተናነቀ፤ ጥይት ባረቀና ሞተ። የሕይወት አጋሩና ትንሽ ልጁ አብረውት ነበሩ። በሾፕሮን የሆነውን ተአምር የሚተርክ ሰው ይህን ትቶ እንዲያልፍ አልፈልግም። በአንድ በር አንድ አዛዥ ጀርባውን ሰጠ፤ ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ልጅ በአባቱ ሬሳ አጠገብ ቆመ።

ይህ ሞት የሃንጋሪን መንግሥት ልብ ነካ። ኦገስት 25 ኔሜትና ሆርን በቦን አቅራቢያ ከምዕራብ ጀርመኑ መሪ ከሄልሙት ኮል ጋር በምሥጢር ተገናኙ። በሴፕቴምበር 11 ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ሃንጋሪ ድንበርዋን ለምሥራቅ ጀርመናውያን በይፋ ከፈተች፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ10,000 በላይ ሰዎች አለፉ። በላይፕዚግ ደግሞ በቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን ከ1982 ጀምሮ ሰኞ ሰኞ የሚደረገው የሰላም ጸሎት፣ አንዳንዴ ጥቂት ሰው ብቻ የሚገኝበት ጸሎት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አልፎ ጎዳናውን ሞላ። ኦክቶበር 9 ምሽት 70,000 የሚያህል ሕዝብ ሻማ ይዞ ወጣ፤ ያን ምሽትም ማንም አልተኮሰም። ኖቬምበር 9 የበርሊን ግንብ ተከፈተ። ሄልሙት ኮል ከግንቡ የመጀመሪያው ድንጋይ የተነቀለው በሃንጋሪ እንደሆነ ከጊዜ በኋላ መስክረዋል።

ሾፕሮንፑስታ ዛሬ መታሰቢያ መናፈሻ ነው። በ2009 ሚክሎሽ ሜሎትሶ የሠራው፣ ሰዎች ተጋፍተው ሲወጡ የሚያሳይ ነጭ ሐውልት ቆሞበታል። በዚያ ዓመት አንጌላ ሜርከል መጥተው ሃንጋሪያውያንን አመሰገኑ። ራሳቸው በምሥራቅ ጀርመን ያደጉ የሉተራን መጋቢ ልጅ ናቸው። በ30ኛው ዓመት፣ በ2019፣ ተመልሰው መጡ፤ መታሰቢያውም የተደረገው በሾፕሮን በሚገኘው የሉተራን ቤተ ክርስቲያን በጋራ ጸሎት ነበር። ሃንጋሪ በዚያን ጊዜ በደቡብ ድንበርዋ ስደተኞችን የሚያግድ አዲስ የሽቦ አጥር ከሠራች አራት ዓመት ሆኗት ነበር።